ከዋልያስ እስከ ዙላ፤ የተዘለለው ምዕራፍ

የኃይሉ መርጊያ ስም በተነሳ ቁጥር አንድ ታሪክ ይደጋገማል። ዝነኛው የአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ኦርጋን ተጫዋች አሜሪካ ቀረ፣ ታክሲ ነጂ ሆነ፣ ተረሳ፤ ከዚያ አንድ ፈረንጅ ካሴቱን አገኘለትና ዳግም መድረክ ላይ ወጣ። ለጋዜጣ ርዕስ የሚመች ታሪክ ነው፤ ግን መካከሉ ጎድሏል። በጎደለው መካከል ላይ ደግሞ ስም ያተረፉ የአዲስ አበባ ሙዚቀኞች ዋሽንግተን ላይ ያቆሙት አዲስ ባንድ አለ።

ዋልያስ ባንድ በ1970ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የአዲስ አበባን የሌሊት ሙዚቃ ከመሩት ቡድኖች አንዱ ነበር። ሳክስፎኑን ሞገስ ሀብቴ፣ ትራምፔቱን ዮሐንስ ተኮላ፣ ጊታሩን ማህሙድ አማን፣ ቤዙን መላከ ገብሬ፣ ድራሙን ተማረ ሐረጉ ይዘዋል። ፒያኖው ላይ አቀናባሪው ግርማ በየነ፣ ኦርጋኑ ላይ ኃይሉ ናቸው። ኃይሉ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለደ፤ በጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል በልጅነቱ አለፈ፤ የመጀመሪያ መሣሪያው አኮርዲዮን ነበር። አኮርዲዮኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ኋላ ይመጣል።

በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የምሽት ክበቦች አንድ እንግዳ ልማድ አመጡ። እኩለ ሌሊት ካለፈ ወደ ቤት መሄድ ስለማይቻል እንግዳው እዚያው ያነጋል፤ ባንዱም አብሮ ያነጋል። የዋልያስ ልጆች ሂልተን ውስጥ እስከ ንጋት ሲጫወቱ ዘፋኝ ሁሉን ሌሊት ሊዘልቅ አይችልምና መሣሪያው ብቻውን እንዲናገር ሰፊ ጊዜ ያገኙ ይመስላል። በ1977 የወጣው «ጭ በለው» የዚያ ዘመን ፍሬ ነው፤ ድምፃዊ የሌለበት የሸክላ አልበም ሲሆን ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተሳትፎበታል። የአሜሪካ ሶልና ፋንክ ከአገር ቤት ቅኝት ጋር ተዋሕዶበታል። ፈረስ ዛሬም የዕለት ተዕለት መጓጓዣ በሆነባቸው የባሌ ደጋዎች ያደገ ሰው ርዕሱን ሲሰማ ትርጉም አያሻውም።

አከራካሪው ጉዳይ 1981 ላይ ይመጣል። ዋልያስ ከማህሙድ አህመድና ከጌታቸው ካሳ ጋር በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ለማዝናናት ተጓዘ። ዝግጅቱ ሲያበቃ ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ። ዮሐንስ ተኮላና ተማረ ሐረጉ ተመለሱ፤ ኃይሉ፣ ሞገስ፣ መላከና ግርማ ቀሩ። አንዳንዱ ተራኪ ይህን የአንድ ታላቅ ባንድ ሞት አድርጎ ያቀርበዋል። ሌላው በስደት ዓይን ብቻ ያየዋል፤ ከደርግ ያመለጡ ሰዎች፣ ሙያቸውን መሥዋዕት ያደረጉ ሰዎች። ሁለቱም አተራረክ ሙዚቃው 1981 ላይ እንደቆመ ያስመስላል።

አልቆመም። ኃይሉ፣ ሞገስና መላከ ዙላ ባንድን አቋቋሙ። ጀማሪዎች አልነበሩም፤ ከአሥር ዓመት ያላነሰ የመድረክ ልምድ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ሆኖም እንደገና ከታች መጀመር ነበረባቸው። የሂልተን ታዳሚ ዲፕሎማትና ነጋዴ ነበር፤ የዋሽንግተን ታዳሚ ደግሞ ከሳምንት ሥራ ወጥቶ ናፍቆቱን ሊረሳ የሚመጣ ስደተኛ። ለዚህ ሰው የሚጫወት ባንድ የሚመርጠው ዜማም አጨዋወትም ይለያል። ስለ ኃይሉ የሚጻፈው ብዙ ነው፤ ስለ ዙላ ግን አብዛኛው ጽሑፍ በአንድ አረፍተ ነገር ያልፋል፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ ታክሲው። ታክሲ ይጥማላ!

እኛ ግን ካሴቱ ጋ እንቁም። በ1985 ኃይሉ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀዳ። ያ የልጅነት አኮርዲዮን እዚህ ተመለሰ፤ ከጎኑ ግን ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና የዘመኑ አዲስ ያማሃ ኪቦርድ ተሰልፈዋል። ኪቦርድ ሳይስፋፋ በፊት የኢትዮጵያ መድረክ ያውቀው የነበረውን መሣሪያ ከኤሌክትሮኒክ ድምፅ ጋር ማጋባት ነበር ዓላማው። ውጤቱም ከዋልያስ ቡድናዊ ጉልበት ፈጽሞ የራቀ፣ ዝግ ያለ፣ ከዚያ በፊት ያልተሰማ ድምፅ ሆነ። ሥራው የተረሳ ሰው እንጉርጉሮ አይመስልም። አርባ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ባለሙያ ራሱን እንደ አዲስ የፈተነበት ነው።

የካሴቱ ጉዞም ኃይሉ ላለመረሳቱ ይመሰክራል። የአሜሪካው አሳታሚ ብራያን ሺምኮቪትዝ ያገኘው ባሕር ዳር ላይ ነው። አሜሪካ የተቀዳው ሥራ አገር ቤት ገብቶ ይሸጥ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ «ተረሳ» የተባለው በማን ዘንድ ነው?

የቀረው የታወቀ ነው። ኃይሉ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከመድረክ ራቀ፤ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነዳ፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ግን ከመኪናው ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ2013 ካሴቱ ዳግም ታተመ። ኃይሉም ከድራመሩ ቶኒ በክና ከቤዝ ተጫዋቹ ማይክ ማይኮቭስኪ ጋር በሦስት ሰው ባንድ ተመለሰና በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጣ። ዕድሜው ያኔ 70ን አልፎ ነበር። በ2020 «የኔ ምርጫ» ተከተለ። ግርማ በየነም በ2017 ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አልበም ይዞ ብቅ ብሏል።

አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን የተቀዳ ሙዚቃ በዋልያስና በዙላ ዘመን የባሌዎቹ ጎባና ሮቤ የሚደርሰው በሬዲዮና በካሴት ነበር። ዛሬ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ጭ በለው»ን በስልኩ ያገኘዋል፤ የ1980ዎቹ ካሴት ግን ሁሉም ወደ ስልክ አልተሻገረም። ባሕር ዳር የተገኘው የባሌ ቤቶች ሣጥን ውስጥም ሊኖር ይችላል። አሮጌ ካሴት ያላችሁ፣ ቤት ስታጸዱ አትጣሉት፤ ሽፋኑን አንብቡ፤ የዙላን ወይም የዋልያስን ልጆች ስም ካያችሁበት ለሚያስቀምጠው ሰው አድርሱት።