ጥሪና ጸጋ
በክርስትና ትምህርት ጥሪ እግዚአብሔር ሰውን ለአገልግሎት መለየቱ ነው፤ ጸጋ ደግሞ ለዚያ አገልግሎት የሚሰጠው ስጦታ። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 ፈውስን፣ ትንቢትንና ልሳንን፣ በሮሜ 12 ደግሞ ማስተማርን፣ መለገስንና ምሕረት ማድረግን ይጠቅሳል። ይህ ሁለተኛው ዝርዝር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ነገር ግን እንደ ኮዬ ፈጬ ባለ፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው በኮንዶሚኒየም በሚሰፍርበት ሰፈር፣ የማያውቁትን ጎረቤት ለቅሶ መድረስና አራተኛ ፎቅ ወጥቶ የታመመ መጠየቅ ከመድረክ አገልግሎት አያንስም።

በአገራችን ለጥሪና ለጸጋ ትልቅ ምሳሌ የምትሆነው አስቴር ጋኖ ናት። እ.ኤ.አ. በ1886 በባሪያ ንግድ ወደ ዓረብ አገር በመርከብ ስትወሰድ ነፃ ወጥታ፣ በምጽዋ አቅራቢያ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። ስጦታዋ ቋንቋ ነበር፤ የኦሮምኛ ቃላትን፣ ተረቶችንና ዘፈኖችን ከልጅነት ትዝታዋ እያወጣች መዘገበች። የቃላት ስብስቧም ኦኔሲሞስ ነሲብ ለተረጎመውና እ.ኤ.አ. በ1899 በግዕዝ ፊደል ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ መሠረት ሆኗል። ስሟ ከእሱ ስም ጎን ሊጠራ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ሄዳ በነቀምቴ አስተምራለች።