የእናት ጓዳና የመንግሥት ሲሶ

ጡረታ የሚለው ቃላችን የተወለደው ከመጦር ነው። ልጅ አድጎ እናት አባቱን ያጎርሳል፣ ያለብሳል፤ ይጦራል። ኋላ መንግሥት በልጅ ፈንታ ቆሞ ለሽማግሌው በየወሩ ገንዘብ መክፈል ሲጀምር ቃሉ ወደ መዝገብ ቤት ገባ። ሠላሳ ዓመት የሞላው ልጃቸውን የሚጦሩ አሮጊት እናት ግን በዚህ ቃል ውስጥ ቦታ የላቸውም። በሕጋችን ውስጥ ግን አላቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በወላጅና በተወላጅ፣ በወንድምና በእኅት መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታን ደንግገዋል። ቀለብ ጠያቂው ችግረኛ መሆን፣ ሠርቶ ለማደርም የማይችል መሆን አለበት።

እንግሊዞችም ዘንድ ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1601 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን የወጣው የድሆች ሕግ፣ ድሃውን፣ ሽማግሌውን፣ ዕውሩንና አንካሳውን አቅም ያላቸው ወላጆቹ፣ አያቶቹና ልጆቹ በራሳቸው ወጪ እንዲያኖሩት አዘዘ። ሕጉ ከሰፋሪዎች ጋር ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ገባ፤ በየክፍለ ግዛቱም መልኩን እየለዋወጠ ብዙ ዘመን ኖረ።

ዶክተር ሊዮ ካነር በ1943 የአሥራ አንድ ሕፃናትን ጠባይ መዝግቦ ኦቲዝም የሚለውን ስም ለዓለም ሲያስተዋውቅ፣ የሩዝቬልት የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ የስምንት ዓመት ዕድሜ ነበረው። ሕጉ ለዓይነ ስውራን ድጎማ አስቦ ነበር፤ ለእነዚያ ሕፃናት ግን አንዳች የለውም። የመጀመሪያው ልጅ ዶናልድ ትሪፕሌት የሚሲሲፒ ባለጸጋ ቤተሰብ ልጅ ነበር። ኮሌጅ ጨረሰ፤ የእናቱ ወገኖች ባለድርሻ በሆኑበት ባንክ ተቀጠረ፤ በተወለደባት ትንሽ ከተማ ሰው እያወቀው፣ እያከበረው ኖሮ በ2023 በሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ አረፈ። ካነር በ1971 የቀሩትን ልጆች ዕጣ ሲከታተል ግን በመንግሥት ተቋም ገብተው እዚያው የደበዘዙትን አገኘ። ለልዩነቱ ምክንያት የልጆቹ ተፈጥሮ ብቻ ነው ብሎ የሚከራከር ካለ፣ ይህ ጸሐፊ ባንኩን ያስታውሰዋል።

ባንክ ለሌለው ቤተሰብ ሕግ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1950 ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው ለተጎዱ ድሆች ድጎማ ተፈቀደ፤ አስተዳደሩ ግን በየክፍለ ግዛቱ እጅ ስለነበር እንደየቦታው ይለያይ ነበር። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ጥቅምት 30 ቀን 1972 የፈረሙት ሕግ ይህን ጠቅልሎ ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጠ። ኤስ.ኤስ.አይ. በሚል ምሕፃር የሚጠራው ድጎማ በጥር 1974 ሥራ ሲጀምር ለአንድ ሰው በወር እስከ 140 ዶላር ይሰጥ ነበር። ዛሬ በዚህ ሕግ መሠረት ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው የወላጆቹ ደመወዝ አይቆጠርበትም። የኤልሳቤጥ ሕግ ከሦስት መቶ ሰባ ዓመት በኋላ ከደጅ የወጣ ይመስላል።

በጓሮ በር ግን ተመልሷል። ያው የ1972 ሕግ፣ ድጎማ ተቀባዩ በሌላ ሰው ቤት የሚኖርና ከዚያው ቤት የሚመገብ ከሆነ ከገንዘቡ ሲሶው ይቀነስበት ይላል። ስሌቱ የእናት ወጥ ገቢ ነው የሚል ነው! ከ140 ዶላር ላይ 46 ዶላር ከምናምን ሳንቲም ለእናት ማዕድ ተቀነሰ ማለት ነው። በ2025 ሙሉው ድጎማ 967 ዶላር ሲሆን ሲሶው 322 ዶላር ያህል ነበር። ከመስከረም 30 ቀን 2024 ጀምሮ ምግብ ከገቢ ስሌት እንዲወጣ ተደርጓል፤ ሆኖም መጠለያውም ማዕዱም ሙሉ በሙሉ ከሌላው ቤት ለሆነ ሰው የሲሶው ቅነሳ እንዳለ ነው።

ታዲያ ቤተሰቡ ምን ያደርጋል? ውል ይጽፋል። እናት አከራይ፣ ልጅ ተከራይ ይሆናሉ፤ ከቤቱ ወጪ ድርሻውን እንደሚከፍል በወረቀት ይሰፍራል፤ በየወሩም ይከፍላል። የኛ ሰው አሜሪካ ውስጥ እዚህ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። ለልጄ ባበላሁት እንጀራ ደረሰኝ ልቁረጥ? የምትል እናት ነውሩ ከገንዘቡ ይበልጥባታል። ሕጉን አክብራ ውሉን የጻፈችው ሙሉውን ታገኛለች፤ በእናት ወግ የጸናችው ልጇን ሲሶ ታሳጣዋለች።

ጥሪትም የተወሰነ ነው። አንድ ሰው ከ2,000 ዶላር በላይ ካለው ድጎማው ይቋረጣል፤ ቁጥሩ ከ1989 ወዲህ ፈቀቅ አላለም። አጎት ለልደት የላከው፣ ለዕቁብ የተጠራቀመው ሁሉ ይቆጠራል። በ2014 የወጣ ሕግ አካል ጉዳተኛው በተለየ ሒሳብ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ድጎማውን ሳያጣ እንዲያስቀምጥ ፈቅዷል።

መብቃቱስ? ኦቲዝም አለበት የሚል የሐኪም ወረቀት ብቻውን በር አይከፍትም። በ2017 ሥራ ላይ የዋለው መመዘኛ ሰውየው ነገር በመረዳት፣ ከሰው ጋር በመግባባት፣ ሐሳቡን ሰብስቦ ሥራ በመቀጠል፣ ራሱን በማስተዳደር ረገድ ምን ያህል እንደሚቸገር ይጠይቃል። ከአራቱ በአንዱ እጅግ የከፋ ወይም በሁለቱ ጎላ ያለ ችግር መታየት አለበት። ዲግሪ ይዞ፣ አንደበቱ ተፈትቶ፣ ሥራ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ለሚባረር ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ሌላም መንገድ አለ። በ1956 የተከፈተው፣ ዕድሜው በ1972 ወደ ሃያ ሁለት ከፍ ያለው ድንጋጌ፣ ጉዳቱ ከዚያ ዕድሜ በፊት ለጀመረው ልጅ በወላጁ የሥራ መዝገብ ይከፍላል። ግን መቼ? ወላጅ ጡረታ ሲወጣ፣ ራሱ ሲጎዳ ወይም ሲሞት። ወላጅ በሕይወት ሳለ ከመብቱ እስከ ግማሽ፣ ሲሞት እስከ ሦስት አራተኛ። እናት በሕይወት ሳለች የምታበላው ሲሶ ያስቀንሳል፤ ስትሞት ድርሻው ከፍ ይላል።

ከአዲስ አበባ በሃያ አምስት ዓመቱ ለሄደ ሰው ደግሞ ዜግነት መጀመሪያ ይጠየቃል፤ የ1996 ሕግ አብዛኛውን ዜጋ ያልሆነ ሰው ከኤስ.ኤስ.አይ. አስወጥቷል፤ በስደተኛነት የገባም ቢሆን በጥቅሉ የሰባት ዓመት ገደብ አለበት። እናቱ እዚያው ሠርታ በእርሷ መዝገብ ቢጠይቅ፣ ከሃያ ሁለት ዓመቱ በፊት የነበረው ሁኔታ ይመረመራል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በ2002 ከመክፈታቸው በፊት ላደገ ልጅ የምርመራ ወረቀት ከየት ይመጣል? ሐኪሙ ዛሬ ያየውን ይጽፋል። ስለ ትናንቱ ያለው የአራተኛ ክፍል ካርድ ነው፣ «ዝምተኛ ነው፤ ከልጆች ጋር አይጫወትም» የሚል የክፍል ኃላፊ አስተያየት ያለበት፣ ዘመድ በፖስታ የሚልከው።