ሳጥኑ የጠየቃት ጥያቄ

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው ወጌ ስለ ገንዘብ ነው፤ ስለ ገንዘብ ሲወራ ደግሞ የሚያንቀላፋ የለም።

ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ጄ. ሲ. ፋርጎ የሚባል ሰው ነበረ። የአሜሪካን ኤክስፕረስ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ አውሮፓን ሊጎበኝ ወጣ። የያዘው የባንክ ደብዳቤ ነበር፤ ይህ ሰው ሀብታም ነውና በእኛ ዋስትና ገንዘብ ስጡት የሚል ዓይነት። በትልልቆቹ ከተሞች ደብዳቤው ሠራለት። ከዚያ ወጣ ሲል ግን ማንም ዞር ብሎ የማያየው ወረቀት ሆነ። የገንዘብ ኩባንያ አለቃ በሰው አገር ገንዘብ አጥቶ ሲንከራተት አስቡት! እየተብከነከነ ተመለሰና ማርሴለስ ቤሪ የሚባለውን ሠራተኛውን ጠርቶ መላ በል አለው። ቤሪም የመንገደኛ ቼክን አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1891 ገበያ ላይ ዋለ። ብልሃቱ ሁለት ፊርማ ነው። አንዱን ስትገዙ ትፈርማላችሁ፣ ሁለተኛውን ስትመነዝሩ ከፋዩ ፊት። ከተመሳሰሉ ገንዘቡ የእናንተ ነው።

ቼኩ ረጅም ዘመን ነገሠ። ችግሩ ፊርማውን የሚያይ ሰው መፈለጉ ነው። ሰው ደግሞ ምሳ ይበላል፣ ማታ ቤቱ ይገባል፣ እሑድ አይሠራም።

አሁን ወደ እንግሊዝ ተሻገሩልኝ። ጆን ሼፐርድ ባሮን የሚባል፣ ደ ላ ሩ በተባለው የገንዘብ ኖት አታሚ ድርጅት የሚሠራ ሰው፣ አንድ ቅዳሜ ባንክ ሲደርስ በሩ ተዘግቷል። ቤቱ ሄዶ ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሲያብሰለስል፣ ሳንቲም ሲጎርስ ቸኮላት የሚተፋው ማሽን ትዝ አለው። ቸኮላት ከተቻለ ገንዘብ ለምን አይቻልም? ባርክሌይስ ባንክ ሐሳቡን ተቀበለውና ጁን 27 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. ሰሜን ለንደን፣ ኤንፊልድ በተባለው ሰፈር የመጀመሪያው ገንዘብ የሚተፋ ሳጥን፣ ዛሬ ኤቲኤም የምንለው፣ ተከፈተ። መርቆ የከፈተው ሬግ ቫርኒ የተባለ የቴሌቪዥን ተዋናይ ነው። በአንድ ጊዜ የሚገኘው ቢበዛ 10 ፓውንድ ነበር።

የላስቲክ ካርድ ገና አልመጣም። ሳጥኑ የሚያነበው ካርቦን 14 የሚባል፣ ጥቂት ጨረር ያለው ንጥረ ነገር የተቀባ ቼክ ነው። ጨረር ሲባል አትደንግጡ፤ ሼፐርድ ባሮን ራሱ ካረጀ በኋላ እንዳወራው፣ ጉዳቱ እንዲሰማችሁ እንዲህ ያለውን ቼክ 136,000 ያህል መብላት አለባችሁ። የሚስጥር ቁጥሩንም መጀመሪያ ስድስት አኃዝ ሊያደርገው ነበር አሉ። ወጥ ቤት ቁጭ ብለው ሲነጋገሩ ሚስቱ ካሮላይን ከአራት በላይ አላስታውስም አለችው፤ በአራት ተቆረጠ። በእርግጥ የሚስጥር ቁጥሩን ነገር ከሱ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1966 በፓተንት ያስመዘገበው ጄምስ ጉድፌሎው የተባለ ስኮትላንዳዊ ነው። የሳጥኑ አባት ማን ነው የሚለውን ክርክር ለብሪታንያውያኑ እንተውላቸው።

በኋላ ካርዱ መጣ። ቀጥሎም የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ሳጥን እንዲሠራ የሚያገናኙ መረቦች ተዘረጉ። ካርዳችሁን ገልብጡና ጀርባውን እዩት። ፕላስ የሚል ምልክት ካለበት የቪዛ መረብ ነው፣ ሲረስ የሚል ከሆነ የማስተርካርድ። የፋርጎን ችግር የፈታው ይህ ነው ብላችሁ ጨርሱ እንዳልል፣ ሳጥኑ ለካ መነገድ ተምሯል። አሜሪካን ውሰዱ። እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ቪዛና ማስተርካርድ የሳጥን ባለቤቶች ከካርድ ያዡ ላይ በቀጥታ ጭማሪ እንዳይጠይቁ ይከለክሉ ነበር፤ አንዳንድ ግዛቶች ግን በሕጋቸው ይፈቅዱ ነበር። በዚያ ዓመት በኤፕሪል ክልከላው ተነሣ። ከዚያ ወዲህ በየነዳጅ ማደያው፣ በየመጠጥ ቤቱ ሳጥን ያልቆመበት የለም። እውነቱን ለመናገር መብዛቱ ለመንገደኛ በጀው። ብቻ ከጀርባው ባንክ የሌለ ሳጥን የሚያድረው ከእናንተ በሚያገኘው ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

አንዲት የኛ ሴት ናት፤ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር። ስሟ ይቅር። ፍራንክፈርት ተወልዶ ያደገውን የእህቷን ልጅ አስከትላ ፕራግን ልታይ ሄደች። የአሮጌው ከተማ አደባባይ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1410 የተሠራው ታላቅ ሰዓት ሥር ቆሙ። ሰዓቱ ሲደውል የሐዋርያት ምስል ከላይ በመስኮት እየተራ ብቅ ይላል። እሷ አማተበች። ልጁ በስልኩ አነሣት።

ከዚያ ጥሬ ገንዘብ አስፈለጋት። ፕራግ ያለችባት ቼክ ሪፐብሊክ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም የምትገበያየው በዩሮ አይደለም፤ በራሷ ክሮና ነው። የመታሰቢያ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ጥግ፣ ደማቅ ቀለም የተቀባ ሳጥን ቆሟል። የባንክ ስም የለበትም። ካርዷን አስገባች፣ ቁጥሯን መታች። ሳጥኑ ትልልቅ ድምር ደርድሮ አቀረበላት፤ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ያለ ሳጥን ትንሽ ቁጥር መጥራት አይወድም። እሷ ሌላ መጠን የሚለውን ነክታ 4,600 ክሮና ጻፈች። ያን ሰሞን አንድ ዶላር 23 ክሮና ነው እንበል፤ የጠየቀችው ልክ 200 ዶላር ነው ማለት ነው።

ይሄኔ ሳጥኑ ጥያቄ አመጣ። «የእኛ ምንዛሬ አንድ ዶላር በ20 ክሮና ከ50። ከሂሳብዎ 224 ዶላር ከ39 ሳንቲም ይቀነሳል። ይስማማሉ?» እስማማለሁ የሚለው አረንጓዴና ሰፊ ነው። ያለ ምንዛሬ ይቀጥሉ የሚለው ደብዘዝ ብሎ ጥግ ይዟል።

«ተባረክ፣ በዶላር ነገረኝ፤ የማውቀው ገንዘብ ነው» ብላ ጣቷን ሰነዘረች።

«አክስቴ፣ ቆዪ! እሱን እንዳትነኪ።»

«ምነው?»

«ከሃያ አራት ዶላር በላይ እየወሰደብሽ ነው። ያለ ምንዛሬ የሚለውን ንኪ።»

«እምቢ ስለው ካርዴን ቢውጠውስ? ሰው ደግሞ ከኋላዬ ተሰልፏል።»

«አይውጠውም። እምቢ የምትዪው ምንዛሬውን ነው እንጂ ብሩን አይደለም።»

ፈራ ተባ እያለች ጥጉን ነካችው። ሳጥኑ ግን በዋዛ አልለቀቀም። ምንዛሬያችን አሁኑኑ የታወቀ ነው፣ ባንክዎ ግን ስንት እንደሚያስከፍልዎ አይታወቅም፣ እርግጠኛ ነዎት? ብሎ ደግሞ ጠየቃት። እሷ መርካቶ አጠገብ ያደገች ሴት ናት፤ አሁን ገባት።

«ታዲያ ይሄ ደላላ ነው በለኝ!» አለችና ጥጉን ደግማ ነካችው።

ሳጥኑ አጉረመረመ፣ ቆጠረ፣ 4,600 ክሮናውን አወጣ። ካርዱም በሰላም ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርዱ ሲገባ መልእክቱ ከሳጥኑ ወደ ባለቤቱ ባንክ፣ ከዚያ በቪዛ ወይም በማስተርካርድ መረብ በኩል ሜሪላንድ ወዳለው ባንኳ ይሄዳል። ሂሳቧ ውስጥ ገንዘብ መኖሩ ይታያል፣ ቁጥሩ ይመሳከራል፣ መልሱ በሰከንዶች ይመለሳል። ክሮናው ወደ ዶላር መመንዘር አለበት፤ ጥያቄው ማን ይመንዝረው ነው። መረቡ ሲመነዝረው በየቀኑ በድረ ገጹ በሚያወጣው ዋጋ ነው፤ ባንኮች እርስ በርስ ከሚገበያዩበት ብዙ አይርቅም። ሳጥኑ ሲመነዝረው ደስ ባለው ዋጋ ነው። አረንጓዴውን የነካ ሰው ሳጥኑን ደስ ባለው ዋጋ ተስማማ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። ሱቅ ገብታችሁ በካርድ ስትገዙ ከባለሱቁ ወገን ተቆርጦ ለእናንተ ባንክ ይደርሳል። ከሳጥን ጥሬ ገንዘብ ስታወጡ ግን መንገዱ ይገለበጣል፤ የእናንተ ባንክ ለሳጥኑ ባለቤት ይከፍላል። ሳጥኑ እንግዲህ ጥያቄውን ከማንሣቱ በፊት ድርሻ አለው።

ሌብነት ነው አልልም፤ ዋጋውን ስክሪኑ ላይ ጽፎታል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ፣ እንዲህ ያለ ምንዛሬ የሚያቀርብ ሁሉ ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ዋጋ በስንት በመቶ እንደሚበልጥ ለኅብረቱ ካርዶች እንዲያሳይ አስገድዷል። የልጁ የጀርመን ካርድ ቢሆን ኖሮ መቶኛው አብሮ በታየ ነበር። እኔን የሚያናድደኝ የሚጠይቅበት ሰዓት ነው፦ ካርዳችሁ አፉ ውስጥ ሆኖ፣ ከኋላችሁ ሰልፈኛ እያጉረመረመ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ስልኳን ከፍታ ሂሳቧን አየች። 200 ዶላር በገበያ ዋጋ ወጥቷል። ከሥሩ ግን ባንኳ 3 በመቶ የውጭ አገር ክፍያ፣ 6 ዶላር፣ ደግሞም በሌላ ባንክ ሳጥን ስለተጠቀመች 5 ዶላር ደምሮባታል።

«ደላላው እቤቴም አለ!» አለች።

እውነቷን ነው። አረንጓዴውን ነክታ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ብዙ ባንኮች ይህን የራሳቸውን ክፍያ አይተዉም፤ ከ224ቱ ላይ ይጨምሩታል። ከዚህ የሚያመልጡም አሉ። የአሜሪካው ቻርልስ ሽዋብ የሚሰጠው የቼኪንግ ሂሳብ ካርድ የውጭ አገር ክፍያ የለውም፤ የባዕድ ሳጥን የወሰደውንም ይመልሳል። ባንክ ኦፍ አሜሪካ ደግሞ እንደ ዶይቸ ባንክና ቢኤንፒ ፓሪባ ካሉት ጋር ተስማምቶ፣ ደንበኞቹ በእነሱ ሳጥን ሲያወጡ የሳጥን ክፍያ እንዳይነካቸው አድርጓል፤ 3 በመቶውን ግን አልተወም። ክሬዲት ካርድን ለጥሬ ገንዘብ አታንሡ፤ ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል። ስድስት አኃዝ ያለው ቁጥር የለመደም ከመነሣቱ በፊት ባንኩን ይጠይቅ፤ የካሮላይን አራት አኃዝ ዛሬም ብዙ ቦታ ይገዛል። ቁጥሩን በፊደል የሚያስታውስ ደግሞ ወደ አኃዝ ይቀይረው፤ ፊደል የሌለበት ሰሌዳ ያጋጥማል። ሳጥን ስትመርጡ የባንክ ቅርንጫፍ ግድግዳ ላይ ያለውን፣ እሱንም በሥራ ሰዓት። ካርድ ቢዋጥ ገብታችሁ የምታናግሩት ሰው አለ።

ልጁ ይህን ሁሉ ካስረዳት በኋላ ሴትየዋ አዲስ አበባን አነሣች። በድሮው ጉዞዋ ቦሌ የቆመውን ሳጥን በካርዷ ነክታው አታውቅም፤ ነክቶት የሚያውቅ ዘመድም አልነበራትም። እንዴት ትነካዋለች? ባንክ ዶላሩን በ57 ብር ገደማ ሲመነዝር ጥቁር ገበያው እጥፍ ያህል ይሰጥ ነበር። ካርድ ያስገባ ዲያስፖራ ግማሽ ገንዘቡን እዚያው ጥሎ እንደሄደ ይቆጠራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀው። ንግድ ባንክ በዚያው ዕለት ከ74 ብር በላይ አወጣ፣ በሳምንታት ውስጥ ባንኮቹ መቶን አለፉ። ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም፤ ስለዚህ የድሮው ስሌት አሁን በየሳምንቱ እንደ አዲስ ይሰላል።

ከፕራግ ሆና አዲስ አበባ ላለው ወንድሟ ደወለች።

«ለገና ልመጣ ነው፤ ካርድ ይዤ ልምጣ ወይስ ዶላር?»

«ሳጥኑ ብር ካለው ካርድ፣ ኔትዎርክ ከሌለው ዶላር።»

«አለው ወይስ የለውም?»

«እኔ እንጃ እህቴ፣ ሁለቱንም ይዘሽ ነይ።»