ከባሕረ ሐሳብ ወደ አልጀብራ፦ የጎጃም የሒሳብ ትውፊትና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልጀብራ ሲጀመር ተማሪውን የሚያስቸግረው ስሌቱ ሳይሆን ፊደል የቁጥርን ቦታ የሚይዝበት ምክንያት ነው። ይህ ችግር በታሪክም የታየ ነው። ትምህርቱ ስሙን ያገኘው በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ከነበረው ከአልኽዋሪዝሚ መጽሐፍ ሲሆን፣ እርሱ ራሱ ጥያቄዎቹን በቃላት እንጂ በምልክት አልጻፈም። ለታወቀውም ላልታወቀውም መጠን በፊደል በሥርዓት መጠቀም የተስፋፋው ፈረንሳዊው ቪዬት እ.ኤ.አ. በ1591 ካሳተመው ሥራ በኋላ ነው።

ቀድሞ መንቆረር ትባል በነበረችው በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ እንደ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ ያሉ አድባራት በቅኔ ትምህርት የታወቁ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ደግሞ ባሕረ ሐሳብ የተባለውን የዘመን ቀመር ያካትታል። ትውፊቱ ቀመሩን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጣል። አሠራሩ በቃል የሚጠና ቢሆንም ሥርዓቱ ጥብቅ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ19 ይካፈላል፤ ቀሪው መደብ ይባላል። ከመደቡ አንድ ሲቀነስ ወንበር ይገኛል። ወንበር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ቀሪው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ቀሪው መጥቅዕ ነው።

ለምሳሌ በ2017 ዓ.ም. ድምሩ 7517፣ መደቡ 12፣ ወንበሩ 11 ነበር። 11 በ11 ሲባዛ 121 ስለሚሆን አበቅቴው 1 ነው፤ 11 በ19 ሲባዛ 209 ስለሚሆን መጥቅዑ 29 ነው። የሁለቱ ድምር 30 ነው። የባሕረ ሐሳብ ደቀ መዝሙር ይህ ድምር በየዓመቱ እንደማይለወጥ ያውቃል። ስለምን እንደማይለወጥ ግን የአንድ ዓመት ስሌት ብቻውን አያስረዳም። ወንበርን «ወ» ብለን ብንጽፍ 11ወ + 19ወ = 30ወ ይሆናል። 30ወ ዘወትር ለ30 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል የሁለቱ ቀሪዎች ድምርም እንዲሁ ለ30 ይካፈላል፤ እያንዳንዱ ቀሪ ከ30 ስለሚያንስም ድምሩ ከ30 ሊያልፍ አይችልም። ወንበር አልቦ በሚሆንበት ዓመት ደግሞ አበቅቴው አልቦ ሆኖ መጥቅዑ 30 ይባላል። ፊደሉ ያደረገው የዓመታቱን ሁሉ ስሌት በአንድ መሥመር መግለጥ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ግን በሌላ መንገድ መጣ። በ1954 ዓ.ም. ክረምት በኡጋንዳ፣ በኢንቴቤ ከተማ የተጀመረውና ኢትዮጵያም የተካፈለችበት የአፍሪካ የሒሳብ መርሐ ግብር አዲስ ሒሳብን በእንግሊዝኛ መጻሕፍት አቀረበ። ከአብነት ትምህርት ቤት ወደ ሁለተኛ ደረጃ የተሻገረ ተማሪ አዲሱን ሐሳብ በአዲስ ፊደልና በአዲስ ቋንቋ በአንድ ጊዜ እንዲቀበል ተገደደ፤ የያዘው የቀመር ልምድም በክፍል ውስጥ ሳይጠራ ቀረ።

እርግጥ ባሕረ ሐሳብ አልጀብራ አይደለም፤ የአንዱን ዓመት ውጤት ያስገኛል እንጂ ጠቅላላ ማረጋገጫ አያቀርብም። ሆኖም በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ እርምጃ ነው። መምህሩ በመጀመሪያ ተማሪዎቹ የተለያዩ ዓመታትን እንዲያሰሉ፣ ቀጥሎም የማይለወጠውን ድምር ራሳቸው እንዲያስተውሉ፣ በመጨረሻም «ወ»ን እንዲጽፉ ቢያደርግ፣ ፊደሉ ምን እንደሚሠራ ከተረዱ በኋላ ወደ እንግሊዝኛው ምልክት መሻገር ይቀልላቸዋል። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ይህን መሰል ምሳሌ በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ሊያስገቡት ይገባል።