ገመድ አልባ ራውተር በመኖሪያ ቤት
ገመድ አልባ ራውተር ወደ ቤት የገባውን የኢንተርኔት መስመር በሬዲዮ ሞገድ የሚያከፋፍል መሣሪያ ነው። በስልክ ሽቦ ለሚመጣ መስመር በመጀመሪያ ስፕሊተር ይገጠማል፤ ቀጥሎ በራውተሩ ጀርባ የተጻፈው አድራሻ፣ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1፣ በኮምፒዩተር ተከፍቶ ከቴሌ የተሰጠው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይገባል።

ብዙ ሰው ኢንተርኔቱ መሥራቱን ሲያይ እዚህ ላይ ያቆማል። የፋብሪካው የይለፍ ቃል ካልተለወጠ ግን ሞገዱ የደረሰው ሰው መስመሩን ከመጋራት አልፎ ቅንብሩን በመለወጥ ባለቤቱን ወደ ሐሰተኛ የባንክ ገጽ ሊመራው ይችላል። ምስጠራውም ዳብልዩፒኤ2 ወይም 3 ይሁን፤ ዌፕ የሚባለው አሮጌው በደቂቃዎች ይሰበራል።

እንደ ሽሮ ሜዳ ባሉ የጉለሌ ሰፈሮች ቤቶች ስለተጠጋጉ በ2.4 ጊጋኸርዝ ከቻናል 1፣ 6 እና 11 ጎረቤት ያልያዘውን መምረጥ ይበጃል። ቆርቆሮ ሞገድ ይመልሳል፤ ራውተሩን ከእሱ አርቆ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ከቴሌቪዥን ኋላ መደበቁ ለሳሎኑ ያምር ይሆናል እንጂ ለመስመሩ አይጠቅምም።