የቫይዘር ቁልፍና የሊኑክስ ድራይቨር
ፓልም ኮምፒውቲንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ ያቀረበው ፓይለት ስልክ ቁጥርን፣ ቀጠሮንና ማስታወሻን በኪስ የሚይዝ ትንሽ ኮምፒውተር ሲሆን፣ ተወዳጅ ያደረገው ከጠረጴዛ ኮምፒውተር ጋር ያለ ብዙ ልፋት መመሳሰሉ ነበር፤ ባለቤቱ መሣሪያውን መቀመጫው ላይ አኑሮ «ሆትሲንክ» የተባለውን ቁልፍ ሲጫን በሁለቱ ወገን ያለው መረጃ አንድ ይሆን ነበር። መረጃው የሚያልፈው በሲሪያል ፖርት፣ ማለትም ቢቶችን ተራ በተራ በሚልክ ነባር መሰኪያ ነበርና፣ ስርዓተ ክወናዎች ቀድሞውንም ስለሚያውቁት ልዩ ድራይቨር፣ ይኸውም ስርዓቱን ከአንድ መሣሪያ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም፣ አላስፈለገም።

ሁኔታው የተለወጠው ጄፍ ሃውኪንስና ዶና ዱቢንስኪ ፓልምን ትተው ያቋቋሙት ሃንድስፕሪንግ በ1999 ቫይዘር የተባለውን የኪስ ኮምፒውተር ከዩኤስቢ መቀመጫ ጋር ሲያወጣ ነው። ዊንዶውስ 98 ዩኤስቢን ያውቅ ነበር፤ በመሥሪያ ቤቶች የተለመደው ዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ግን ስለማያውቀው፣ የኤንቲ ተጠቃሚዎች ለብቻው የሚሸጠውን የሲሪያል መቀመጫ መግዛት ነበረባቸው።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚስበው የሊኑክስ መፍትሔ ነው። ግሬግ ክሮህ-ሃርትማን የጻፈው «ቫይዘር» የተባለ ድራይቨር አዲሱን የዩኤስቢ መሣሪያ ለፕሮግራሞች እንደ አሮጌ ሲሪያል ፖርት አድርጎ ያቀርብ ስለነበር፣ ለፓይለት የተሠሩት «ፓይለት-ሊንክ»ን የመሰሉ ፕሮግራሞች የሚያናግሩት ነገር መለወጡን እምብዛም ሳያውቁ መሥራት ቻሉ። ማስመሰሉ ግን አንድ ቦታ ላይ አልሠራም። ሲሪያል ፖርት መሣሪያ ኖረም አልኖረም ዘወትር ባለበት ስለሚገኝ፣ ፕሮግራሙ አስቀድሞ ፖርቱን ከፍቶ ተጠቃሚው ቁልፉን እስኪጫን ይጠብቅ ነበር፤ ቫይዘር ግን ቁልፉ ካልተጫነ በቀር ከዩኤስቢ መስመሩ ላይ ጨርሶ አይታይም ነበርና፣ ፖርቱም ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይመጣል፣ አብሮም ይሄዳል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ በመጀመሪያ ቁልፉን መጫን፣ ከዚያ ፕሮግራሙን ማስነሳት የግድ ሆነ፣ የድራይቨሩ መመሪያም ይህ ከነባር ፕሮግራሞች መመሪያ ጋር እንደሚጋጭ በግልጽ አስፍሯል። በዚህ ላይ መሣሪያው ሁለት ፖርቶችን ስለሚፈጥርና ማመሳሰሉ በአብዛኛው በሁለተኛው ስለሚከናወን፣ የመጀመሪያውን የመረጠ ሰው ያለ ምንም መልስ ይቀር ነበር። ተጠቃሚውን ያደከመው፣ ከኮዱ ጥራት ይልቅ፣ ይህ የልማድ መገልበጥ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በጥር 2001 የወጣው ሊኑክስ 2.4 የዩኤስቢ ድጋፍን ካጠናከረ በኋላ፣ እያንዳንዱ የዩኤስቢ መሣሪያ ሲሰካ የአምራቹንና የምርቱን መለያ ቁጥር ስለሚያሳውቅ፣ የሌሎች የኪስ ኮምፒውተሮች፣ የፓልም ኤም505ም ሆነ የሶኒ ክሊዬ፣ ቁጥሮች ወደዚያው ድራይቨር ገቡ። ቁጥር መጨመር ሁልጊዜ አልበቃም፤ ፓልም ኦኤስ 3.5 የተባለውን ስርዓተ ክወና የሚጠቀሙት ቀደምት ክሊዬዎች የራሳቸው የማስጀመሪያ ሥርዓት ተጽፎላቸዋል።

ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ሲስፋፋ ፓልም ለቀድሞ መሣሪያዎቹ የዩኤስቢ ድራይቨር ሳያዘጋጅ ስለቀረ፣ ባለቤቶቻቸው ወደ ብሉቱዝና ወደ ኢንፍራሬድ ዞሩ። ምንጩ ክፍት የሆነው የሊኑክሱ ድራይቨር ግን በ64 ቢት ማሽኖችም ላይ ስለሚሠራ፣ ቫይዘርና ክሊዬ ከገበያ ከጠፉ ከዓመታት በኋላም ከከርነሉ፣ ማለትም ከስርዓቱ እምብርት፣ ሳይወጣ ቆይቷል።