የሮሴሊኒ ሁለት ጦርነቶች

የአውሮፓን ዘመናዊ ባህል የምናጠና ተማሪዎች የጣሊያንን ሲኒማ አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1945 ነው፤ ከዚህ በታችም የእኛ ነው ካላልን በቀር ዓመቱ ሁሉ የእነሱ ነው። ጦርነቱ አበቃ፣ ፋሺዝም ወደቀ፣ ካሜራው ከስቱዲዮ ወጥቶ መንገድ ላይ ዋለ፣ ኒዮሪያሊዝም ተወለደ ይባላል። ጥሩ፣ እንቀበለው። ግን ካሜራውን የያዘው ሰው ከዚያ በፊት የት ነበር? ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም።

ሙሶሊኒ ቺኔቺታ የተባለውን ታላቅ ስቱዲዮ ሮማ ላይ መርቆ የከፈተው በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 20 ቀን 1929 ነው። ቀኑን ቆጥረነዋል፤ ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ 68 ቀን በኋላ ማለት ነው። አዲስ አበባ የልጆቿን ለቅሶ ሳትጨርስ ሮማ የሲኒማ ከተማዋን ታስመርቅ ነበር። ሲኒማ ከመሣሪያ ሁሉ የበረታ መሣሪያ ነው የሚለው የሥርዓቱ መፈክርም እንዲያው ለወግ የተባለ አልነበረም።

በዓመቱ፣ በ1938፣ «ሉቻኖ ሴራ አብራሪው» የሚባል ፊልም ወጣ። ዳይሬክተሩ ጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ ነው፤ የበላይ ተቆጣጣሪው ግን የዱቼው ልጅ ቪቶሪዮ ሙሶሊኒ፣ ራሱ አገራችን ላይ ቦምብ ሲጥል የከረመ አብራሪ ነው። በፊልሙ አንድ የቀድሞ ጦር አብራሪ ከባሕር ማዶ ተመልሶ በሌላ ሰው ስም ኢትዮጵያ ይዘምታል፤ እንደሱ አብራሪ የሆነውን ልጁን ሲያድንም ይሞታል። ተመልካች ለአባትየው እንዲያለቅስ ነው የተሠራው። የእኛ ሰዎች በዚያ ታሪክ ውስጥ ባቡር የሚያጠቁ ጠላቶች ናቸው፣ በቃ። ፊልሙ ቬኒስ ላይ የሙሶሊኒን ዋንጫ ከሌኒ ሪፈንሽታል «ኦሊምፒያ» ጋር ተካፈለ። ድርሰቱን ከጻፉት አንዱ ታዲያ ሮቤርቶ ሮሴሊኒ ነው።

አዎ፣ ያው ሮሴሊኒ! በ1945 «ሮማ ክፍት ከተማ»ን የሠራው፣ እኛም የምናደንቀው። ሮማ ከናዚዎች እጅ ከወጣች ገና ዓመት ሳይሞላት፣ ጥሬ ፊልም እንኳ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ የተሠራ ነው። አና ማኛኒ የምትጫወታት ነፍሰ ጡሯ ፒና እጮኛዋን ጭኖ የሚሄደውን ካሚዮን ተከትላ ስትሮጥ ጎዳና ላይ በጥይት ትወድቃለች። ይህን አይቶ ጉሮሮው የማይደርቅ ሰው ሲኒማ ባይገባ ይሻለዋል።

የመጨረሻውን ትዕይንት ግን ደግመን እንየው። ቄሱ ዶን ፒዬትሮ ወንበር ላይ ታስረው ሊረሸኑ ነው። የሚተኩሱት ጣሊያናውያን ወታደሮች ናቸው፤ ጥይታቸው ቄሱን ይስታቸዋል። ቀርቦ በሽጉጥ የሚጨርሳቸው የጀርመኑ መኮንን ነው። የጣሊያን እጅ ንጹሕ ሆኖ ቀረ ማለት አይደል? ሮሴሊኒ ዋሸ ልንል አይደለም። ናዚዎች በማርች 1944 አርዴያቲኔ ዋሻ ውስጥ 335 ሰው ፈጅተዋል። ነገር ግን አንዱ እውነት ሌላውን ሲሸፍንስ? የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ያስረሸነው የግራዚያኒ ትእዛዝ ነው፤ ያኔ ተኳሹ አልሳተም።

ይህን ነገር በፊልም ሊያነሱ የሞከሩ ጣሊያናውያንም ነበሩ፤ እነሱን መርሳት ግፍ ነው። በ1953 ሬንዞ ሬንዚ የሚባል ሐያሲ ጣሊያን ግሪክን ስለያዘችበት ዘመን የፊልም ሐሳብ ጽፎ «ቺኔማ ኑዎቮ» መጽሔት ላይ አወጣ። ፊልም እንኳ አልሆነም፣ ወረቀት ነው። እሱም፣ የመጽሔቱ አዘጋጅ ጉዊዶ አሪስታርኮም ታስረው በጦር ፍርድ ቤት ተፈረደባቸው፤ ፋሺዝም ወደቀ ከተባለ ከ10 ዓመት በኋላ! በ1982 ደግሞ የሊቢያውን አርበኛ የዑመር ሙኽታርን ታሪክ የሚያሳየው «የበረሃው አንበሳ» የሠራዊቱን ክብር ይነካል ተብሎ ጣሊያን ውስጥ ታገደ። በቴሌቪዥናቸው የታየው በ2009 ነው።

የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጣሉን ያመነውም በ1996 ነው፤ 60 ዓመት ቆይቶ። የሉቻኖ ሴራ ፊልም አውሮፕላኑን አሳይቶናል፤ ከአውሮፕላኑ የወረደውን አላሳየንም።

በሚቀጥለው የፊልም ምሽታችን የሮሴሊኒን ሁለት ሥራዎች አከታትለን ብናያቸውስ? መጀመሪያ የ1938ቱን።